የተቀደደው ገጽ

ከኒውሊን ወደብ ዳር፣ ከሰልባጅ መደርደሪያ፣
በሃምሳ ፔኒ ገዛሁ የዊካ መማሪያ።
ሽፋኑ ላይ ጨረቃ፣ ጨረቃዋ ላይ የሻይ ኩባያ ማህተም፤
ከእኔ በፊት የያዘው እጅ ስሙን አልጻፈም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ምሳ፣
አተርና ድንች፣ ዓርብ ዓርብ ዓሣ፣
ስጨልፍ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣
«ምን ልሁን?» አልኩና አየሁ መስኮት ከፍቼ።
ጨረቃ ነበረች። ሌላ ሰበብ የለኝ፣
እስከ ዛሬ ድረስ ማንም ቢጠይቀኝ።

መጽሐፉ ያዛል፦ «እጀታው የጠቆረ፣
ሁለት ስለት ያለው፣ ለቁርጥ ያልተፈጠረ፣
አታሜ የሚሉት ቢላዋ ይኑርሽ።»
ዋጋውን አየሁና፣ «በቃ ሄድራ፣ ይቅርብሽ!»
መሳቢያዬ ውስጥ አለ አባቴ ያረጀበት፣
ማኬረል ሲሰነጥቅ ስለቱ የሳሳበት፤
ሦስቴ በሎሚ አሸሁት፣ ሽታው አልለቀቀው፤
ይሁን፣ የአባቴ ነው፣ ባሕር ያወቀው።
ከእንግዲህ ሥጋ አይነካም፣ አየር ነው የሚቀደው፤
እንደ እኔ ጡረታ እሱም ሊወጣ ነው።

ለጽዋ፣ የእንቁላል ሸክላ መቀመጫ፣
ሰማያዊ መስመር፣ እግሩ ላይ ቢጫ።
«በትሩን ስትቆርጪ ዛፉን አስፈቅጂ።»
ማዕበል የጣለው ነው፤ ማዕበሉን ነው እንጂ!
ቢሆንም ለጉቶው «ይፈቀድልኝ» ብዬ ጎንበስ ብዬ ተናገርኩ፤
ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው አየኝ፤ የጫማዬን ክር አሰርኩ።

ጨው ከታች ከጃጎ፣ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ፣
በወረቀት ጠቅልሎ፣ ሳይጠይቅ ምክንያቱ።
«ለምን?» አላለኝም። ጨው ሰጪ ጨዋ ነው።
ባለ አምስት ጫፉን ኮከብ የሣልኩት በኬክ ሳህን ጀርባ፣ በጠመኔ ነው።

ፌብሩዋሪ ነው፤ የኮርንዎል ዝናብ መስኮቴን ይገርፋል።
ካላንደሩ «ሙሉ ጨረቃ» ብሎ ይለፍፋል፤
ሰማዩ ግን እንደ ምድጃ ሆድ ጥቁር።

ምሥራቅ ወደቡ ነው፣ ነፋስ የሚመጣበት፤
ምዕራብ መታጠቢያው፣ ውሃ የሚፈስበት፤
ሰሜን ማቀዝቀዣው፣ ካሮት ከነአፈሩ ያለበት፤
ደቡብ የልደት ሻማ፣ ስንተኛዬ እንደሆን የረሳሁበት።

በጨው ክብ ሠራሁ ምንጣፌን ከብቤ፣
ቢላውን ቀስሬ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፤
ሦስቴ ስዞር ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ ይላል።
«መጣሁ» አልኩ። የመጽሐፉ ይረዝማል፤ የኔ ግን ይበቃል።

ከዚያ ዝም።
ዝምታው ባዶ አልነበረም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሳህን ሲንኳኳበት የኖረ ጆሮ
እንዲህ ያለውን ሰምቶ አያውቅም።

ገጹን ገለጥኩ፦ «ክቡን ለመዝጋት ደግሞ፣»
ቀጣዩ የለም።
ተቀዷል፤ ስፌቱ ላይ የወረቀት ጥርስ ብቻ ቀርቷል።

ይኼኔ ድስቱ ውስጥ ጥብስ ቅጠሉ ነደደ፣
የጣሪያው የጭስ ደወል ጩኸቱን ለቀቀ፤
ጃጎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ፣
መጥረጊያ በእጁ፣ «ሄድራ! ተቃጠልሽ?» እያለ።
መጥረጊያ! ከዝርዝሩ የቀረኝ እሱ ነበር።
ከራሱ ጨው ጠርዝ ላይ እግሩ ቀጥ አለ፦ ክብ አይረገጥም ካልተቀደደ በር።

በአባቴ ቢላ፣ ከወለል እስከ ራሴ ከፍታ፣
አየሩን ሰነጠቅሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ለአንድ አፍታ።
ጫማውን አወለቀ፣ «አውልቅ» ሳልለው፤
በመጥረጊያው ጫፍ ደወሉን ዝም አሰኘው።

«አሁን ምን ይደረጋል?»
«አላውቅም። ገጹ የለም።»
ራሱን ነቀነቀ፣ የጎደለ ዕቃ እንደተነገረው ባለሱቅ።
ከኪሱ ቀዝቃዛ የድንች ጥብስ አወጣ፣ በወረቀት።
ሥርዓቱ ኬክና ወይን ይላል፤
እኛ ድንች በላን፣ ከእንቁላል ጽዋ ውሃ ጠጣን፣ በተራ፣
ሻማዋ ሳህኑ ላይ እስክትተኛ።

ጠዋት በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ጨዉን ሰበሰብኩ።
በሩ የነበረበትን፣ የጃጎ ካልሲ የበተነውን፣ አልነካሁም።
ወደ ማቀዝቀዣው ስሄድ
ዛሬም በዚያ በኩል ነው የማልፈው።